ከእሳት የወጣችው ጠገራ

አፉላ ኢሊት፣ እስራኤል፣ ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ለምወድህ ለፈንቴ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህ ታንጉስ? ሚስትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እግሬ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ስንት ዓመት ተሸክሞኝ ኖሮ እንዴት እፈርድበታለሁ?

ስልክ እያለ ወረቀት ላይ መጻፌ ያስቅህ ይሆናል። የልጅ ልጄ ኦዴሊያም «ሳቭታ፣ ለምን አትደውዪለትም?» ትለኛለች። ሳቭታ እዚህ አያት ማለት ነው። እኔ ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠርኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ስልክ ላይ ሰው ይጣደፋል። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

አሁን ጉዴን ልንገርህ። እናቴ ማሬ አብራኝ እንዳለች ታውቃለህ። ዘጠናን ካለፈች ቆይታለች፤ ጆሮዋ ከብዷል፣ አእምሮዋ ግን ከኔም ከአንተም ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት አሮጌ መቀነቷን ላጥብላት ብዬ ስተረትረው አንዲት ጠገራ ብር ዱብ አለች። ያቺ ደረተ ሙሉ ሴትዮ ያለችበት የድሮ ብር ናት። ከአገር ስንወጣ፣ ሱዳን በረሃ ውስጥ ስንከርም፣ እዚህም ስንኖር እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ታጥቃ እንደነበር አላውቅም።

ጠገራዋ ግን ጉድ ናት። በአንድ በኩል የሴትዮዋ ፊት ቀልጦ ወደ አንገቷ ወርዷል፤ አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። ገልበጥ ስታደርጋት ባለ ሁለት ራሱ ንስር አንድ ላባ ሳይጎድለው ቁጭ ብሏል። እሳት አንዱን ፊት በልቶ ሌላውን እንዴት ይተዋል? ደግሞ ጠርዟ ላይ፣ በፊትም በጀርባም፣ አይሉት ጥቁር አይሉት ሐምራዊ የሆነ ጠባሳ አለባት። እናቴ ሳታይ ይዣት ከተማ ወረድኩና ለአንድ ወርቅ ሠሪ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «የተበላሸች ናት» አለኝ። እሱንማ እኔም አይቻለሁ!

ቤት ስመለስ ኦዴሊያ በሎሚም በጥርስ ሳሙናም ፈተገቻት፤ ጠባሳው ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ እናቴ ደረሰችብን። «ተይ! እንዳትነኪያት!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት አስወጣ። ምንድን ናት ብላት፣ ከማን ናት ብላት፣ ነጥቃኝ ጉያዋ ከተተቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አንተ በያጅ ነህ፣ ከብረትና ከእሳት ጋር ነው የምትውል። ፎቶዋን አይተህ ምን እንደደረሰባት ንገረኝ። ታንጉንም ጠይቅልኝ። አባቴ ቢያድግልኝና የእሷ አባት አገኘሁ ወንድማማች ሆነው ሳለ፣ አገኘሁ ክርስትና ከተነሳ ወዲያ ስሙ እኛ ቤት አይነሳም ነበር። ልጄ ኤናት ጎንደር መጥታ ባታገኛችሁ ኖሮ መኖራችሁንም አላውቅም ነበር። የዚያን ዘመን ነገር የምታውቅ ከእናቴ ሌላ ታንጉ ብቻ ቀርታለች።

ደጃችሁ ሰላም ይሁን፣ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ።

አክስትህ እታገኝ


ጎንደር፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ እታገኝ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎን መድኃኔዓለም ይማርልዎ። እኛ በቸርነቱ አለን። የቆየሁት ኢንተርኔት ጠፍቶብን ነው እንጂ ንቄ አይደለም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጠገራዋን ስልኬ ላይ እያጎላሁ አየኋት፤ ሥራ አስፈታችኝ። ብር የኔ ሙያ አይደለም፤ እሳት ግን አውቃለሁ። ይቺ ጠገራ የብረት ቀጥቃጭ ምድጃ ውስጥ ገብታ፣ ፊቷን ወደ ወናፉ ትንፋሽ አዙራ ተኝታ ነበር። በጀርባዋ በኩል አመድ ስለነበር ተረፈች። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ድብልብል ሆና ትቀር ነበር። አንድ ሰው በመጨረሻዋ ቅጽበት አውጥቷታል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይኸ ነው፤ በምን አወጣት? በጉጠት ቢሆን፣ ብሩ እንዲያ ለስልሶ ሳለ የጉጠቱ ጥርስ ይቀርባት ነበር። ምንም የለባትም። ውሃ ደፍተውባት ቢሆን ትሰነጠቅ ነበር። አልተሰነጠቀችም። ጥቁሩን ጠባሳ ደግሞ ልብ ብለው አይተውታል? የፊቱና የጀርባው ትይዩ ናቸው። ለወርክሾፑ ሰዎች አሳየኋቸው፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንዱማ አማተበ።

እማዬ ከኋላዬ መጥታ «ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጥበት?» አለችኝ። አሳየኋት። እትዬ፣ እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። «አለች?» አለች። «እስከዛሬ አለች?» ከዚያ ተከናንባ ተኛች። በማግስቱም ብጠይቃት አልመለሰችልኝም። እንዳልጨቀጭቃት ልቧን እፈራለሁ፤ ሐኪም እንዳትበሳጭ ብሏል።

ዕድሜ ከጤና ጋር ያድልልኝ።

ልጅዎ ፈንቴ


አፉላ ኢሊት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፈንቴ፣ ሰላምህ ይብዛ፣ አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ።

«አለች?» ብላ ዝም? ኧረ በሕግ አምላክ! እዚህ አንዲት ዝምተኛ አሮጊት፣ እዚያ አንዲት ዝምተኛ አሮጊት፤ እኔ መሐል ላይ ልፈነዳ ነው። በስልክ መልእክት ልኬልህ መልስ ስጠብቅ ወር አልፎኛል። ኦዴሊያ ደግሞ መልእክቱ አልደረሰም፣ አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለው ትለኛለች። ምልክቱ ምን ያደርግልኛል?

አንድ ነገር ግን አለ። ደብዳቤህን ሳነብላት እናቴ «የእናቱን ስም ማን አልሽ?» አለችኝ። «ታንጉ» ብዬ ጆሮዋ ላይ ጮህኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «በእጁ ይዟት የመጣት ልጅ» አለች። ማን ይዟት? የት? ብላት ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳ አዞረች።

በሞቴ፣ ታንጉን እያባበልክ ጠይቃት። ይኸን ነገር ሳላውቅ እናቴ የሄደችብኝ እንደሆነ ራሴን ይቅር አልልም።

እታገኝ


ጎንደር፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እታገኝ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። እግዜር ቤትዎን ይጠብቅ፤ በዚያ አገር የሚሆነውን በዜና እየሰማን እንሰጋለን።

እማዬ ተናገረች። ከዓውደ ዓመቱ ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ ሰውነቷ አብጦ ትንፋሽ ያጥራታል። ትናንት «ተቀመጥ» አለችኝና ነገረችኝ። ቃሏን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፤ ቅር እንዳይሰኙብኝ።

«አባቴ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ወደ ወንድሙ ቤት ሄዶ አያውቅም። የእናታቸውን ሞት ሲሰማ ግን አላስችል አለው። ያለችውን አንዲት ጠገራ ለተዝካሯ ብሎ ቋጠረና እኔን በእጁ ይዞ ሄደ። ያኔ ቤተ እስራኤል ከኛ እጅ ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። ውሃ የሞላ ገበቴ ደጃቸው ላይ ይቀመጣል፣ እዚያ ትጥላለህ፣ እነሱ ከውሃው ያነሱታል። አባቴ ገበቴውን ፈለገ፤ የለም። ጠገራዋን መሬት ላይ አስቀመጣት። ወንድሙ ምድጃው ዘንድ ነበር። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መጣ፣ በጉጠት አነሳትና እሳት ውስጥ ጨመራት። አባቴ ክው አለ። "ለባዕድ እንኳ ውሃ አለው፣ ለኔ ግን እሳት!" አለና እጄን ጎትቶ ወጣ። ርቀን ዞር ብል ሰውየው ጉጠቱን እንደያዘ እየጮኸ ይከተለናል። ሊገድለን መስሎን ሮጥን። አባቴ ከዚያ ወዲያ አገሩን ትቶ ሁመራ ወረደ፤ እዚያው ሞተ። የወንድሙን ስም ጠርቶ አያውቅም።»

እትዬ፣ ይኸን ተናግራ ስትጨርስ «አባቴ በገዛ ወንድሙ ተረግሞ ነው የሞተው። እኔም እርግማኑን ይዤ ልሄድ ነው። ያቺን ብር ወንዝ ይጣሏት» አለች። ቄስ አምጥቼ አጽናናኋት። እሺ ትላለች፣ ተመልሳ ግን እዚያው ናት። መጨረሻዋ እንደደረሰ ታውቃለች፤ የምትፈራው ሞቱን ሳይሆን ይኸን ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ መድኃኒቷን እኔው እችላለሁ። ከእናትዎ አንድ ቃል ያውጡልኝ። እርግማን ከሆነም እርግማን ነው ይበሉኝ፤ ለኔ ብቻ ይንገሩኝ፣ እኔ እሸከመዋለሁ። ካልሆነ ግን ሳትሄድብኝ ይድረሱልኝ።

ፈንቴ


አፉላ ኢሊት፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈንቴ፣ ለእህቴም ለታንጉ፣

ሰላምና ምሕረት ለቤታችሁ ይሁን። ፈንቴ፣ ይኸን ደብዳቤ አስቀድመህ ለብቻህ እንዳታነብ። አልጋዋ አጠገብ ሂድና ቁጭ በል። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት።

የአንተ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን አለቀስኩ፤ አባቴንም ታዘብኩት። ኃይለኛ ነበር፣ አውቀዋለሁ፤ በወንድሙ ይጨክናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ለእናቴ ለማንበብ ፈርቼ ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ አዛካው ጮኸ። ሮኬት ሲመጣ የሚጮኸው ነው። እናቴ ስለማትሰማው እጇን ጎትቼ ማማድ አስገባኋት፤ ማማድ በየቤቱ ያለ ግድግዳው የወፈረ ክፍል ነው። በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ይንጓጓል። ከዚህ ካልወጣን ምን ይሆናል ብዬ ወረቀቱን አወጣሁና ጆሮዋ ላይ እየጮህኩ አነበብኩላት።

«ለኔ ግን እሳት» የሚለው ላይ ስደርስ እናቴ ራሷን ያዘች። «ወዮ! ወዮ! እንዲያ መስሎት ነው የሄደው?» አለች። «እሳት እኮ ለማስቀረት ነው!»

ታንጉ እህቴ፣ ስሚኝ። ሌላው ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በአባቴ ቤት ግን እንዲህ ነበር። ገበያ ተመልሶ የሚወጣ ገንዘብ ውሃ ይበቃዋል፤ እንግዳ ነው፣ ያልፋል። ቤት የሚቀር፣ ከሰው ገላ ጋር የሚኖር ብረትና ብር ግን በእሳት አልፎ ነው የሚነጻ። የቤት ዕቃ የሚሆነው ያኔ ነው። አገኘሁ ከቤት የወጣው ገና ልጅ እግር ሳለ ስለሆነ የሚያውቀው የደጁን ገበቴ ነው። አባቴ ደግሞ ሲያነጻ አፉን አይከፍትም ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ነው የሚናገረው። ምን ዓይነት ሰው ነው! አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ወናፉን የምትነፋው እናቴ ነበረች፤ አዲስ ሙሽራ ናት። አባቴ ጠገራዋን እሳት ውስጥ አግብቶ ቀና ሲል ደጁ ባዶ ነው። «አገኘሁ!» ብሎ ተነሥቶ ሮጠ። እጁ ላይ ያለውን ጉጠት መጣሉን ረስቶታል፤ ታንጉ፣ ያየሽው እሱን ነው። ስማችሁን እየጠራ ወንዙ ድረስ ተከተላችሁ። «ተመለስ፣ ምሳ አልበላህም!» ይል ነበር አለች እናቴ። እናንተ ሮጣችሁ፤ እሱ እያለከለከ ቀረ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እናቴ ወናፏን አላቆመችም። «አቁሚ ያለኝ የለ» አለች። «ሙሽራ ነኝ፤ ሳልታዘዝ እንዴት ልተው?» አባቴ ሲመለስ ብሩ መፍሰስ ጀምሯል። ጉጠቱን ተስፋ ሲቆርጥ መንገድ ላይ ጥሎታል። ፈንቴ፣ በምን አወጣት ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።

በእጁ ነው ያወጣት። በባዶ እጁ።

የአባቴን ቀኝ እጅ ብታየው! አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተጣጥፈው የቀሩ ነበሩ፤ እስኪሞት አልተዘረጉም። ቀጥቃጭ አይደለ፣ ሥራው ነው እያልን አደግን። መዶሻውን በሦስት ጣት ነበር የሚይዘው። እናቴ እንደምትለው ሥጋው ብሩ ላይ ተጣብቆ ሲያርር እንኳ ጠገራዋን አልለቀቃትም። «የወንድሜን እሳት በላት ልበል?» አለ። ለእናቱ ተዝካር በሬውን ሸጠ፤ እሷን ግን አልመነዘራትም። ሁመራ ድረስ በነጋዴ መልእክት ልኮ ነበር፤ መልስ አልመጣም። ሱዳን ውስጥ ሲሞት ነው መቀነቷ ውስጥ እንድትሰፋት ለእናቴ የሰጣት። ለምን እስከዛሬ ዝም አልሽ ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? «እሱ ያልተናገረውን እኔ ልናገር?» ሁለቱም አንድ ናቸው።

እዚያው ማማድ ውስጥ ጠገራዋን ከመቀነቷ ፈትታ እጄ ላይ አኖረቻት። አውራ ጣቴን በፊት በኩል፣ ሌባ ጣቴን በጀርባ በኩል ባለው ጠባሳ ላይ አደረግሁ። ፈንቴ፣ ልክክ አለ! የአባቴን ጣት ያዝኩት። መውጣት ይቻላል የሚለው መልእክት ስልኩ ላይ ከመጣ ቆይቷል፤ እኛ ግን አልተነሳንም። እኔና እናቴ ተቃቅፈን እግዚአብሔር ሆይ፣ እግዚአብሔር ሆይ እያልን ተቀመጥን።

ኤናት በሚቀጥለው ወር ትመጣለች። ጠገራዋን ይዛላችሁ ትመጣለች፤ የላከቻት እናቴ ናት። «ለታንጉ ናት፣ ከአባቷ የመጣች ናት» ብላለች። ለኤናትም አጥብቃ ነገረቻት፤ መሬት ላይ እንዳታስቀምጪ፣ ጠረጴዛ ላይም እንዳታስቀምጪ፣ ከእጅሽ ወደ እጇ ስጫት።

ታንጉ፣ ጠብቂን። በአባቶቻችን አምላክ ብዬ እለምንሻለሁ፣ ጠብቂን።

እህትሽ እታገኝ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እታገኝና ለእማማ ማሬ፣

እንባዬን ጠርጌ ነው የምጽፈው፤ የደስታ ነውና አይደንግጡ። የላካችሁልን ምሕረት በእጥፉ ይመለስላችሁ።

ደብዳቤዎን እንዳዘዙኝ አልጋዋ አጠገብ አነበብኩላት። «ምሳ አልበላህም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወዲያ «ኤናት መቼ ነው የምትገባ?» እንጂ ሌላ ቃል አልነበራትም። ምግብ ጀመረች። ሐኪሙ ገረመው፤ እኔ ግን ምን ብዬ ላስረዳው?

ኤናት ኅዳር 29፣ እሑድ ገባች። እማዬ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ ደገፍ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ኤናት ተንበረከከችና ከእጇ ወደ እጇ ሰጠቻት። እማዬ ጠገራዋን አየች። ጠባሳውን በጣቷ ፈለገችው፤ አገኘችው። እንደ እርስዎ አውራ ጣቷን በፊት፣ ሌባ ጣቷን በጀርባ አድርጋ ያዘች። በያጅ ነኝ እያልኩ የምኩራራው ሰውዬ ግድግዳ ተደገፍኩ። ብዙ እሳት አይቻለሁ፤ እሳት ውስጥ እጁን ከትቶ የያዘውን ያልለቀቀ ሰው ግን ሰምቼም አላውቅ።

ቆይታ ቆይታ ጠገራዋን መልሳ ኤናት እጅ ላይ አኖረቻትና ጣቶቿን አጣጠፈችባት። ኤናት ደነገጠች። «እማማ፣ የእርስዎ እኮ ናት!» አለቻት።

«አይደለችም ልጄ» አለች እማዬ። «አባቴ የሰጣት ለወንድሙ ነው። ወንድሙም ተቀብሏታል። እኔ ዛሬ ብወስዳት አልተቀበላትም ማለት ይሆናል። ወደ ቤቷ መልሻት። ለማሬም ተቀብሏታል ብላለች በያት።»

ስለዚህ ኤናት ይዛት ትመለሳለች፤ በእጅዎ ይቀበሏት። እማዬ አሁንም አልጋ ላይ ናት፤ ሕመሟም ያው ነው፣ አልዋሽዎትም። ሌሊት ግን ሳትቃዥ ትተኛለች። ሊጠይቃት ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ለጎረቤቱም ለቄሱም፣ ነገሩን ከጥንት ጀምራ ትተርክለታለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጨረሻው ላይ ስትደርስ «ተቀብሏታል እኮ» ነበር የምትለው፣ ጠገራዋን ማለቷ ነው።

ከትናንት ጀምሮ ግን «ተቀብሎታል እኮ» ትላለች።

ልጅዎ ፈንቴ